መስመሩን ከዘጋችሁት መድኃኒቱ በየት ይደርሳል?

በዶክትሬት ጥናቴ ላይ ከመምህራንም ከባልንጀሮችም ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ከሁሉም ይልቅ አእምሮዬ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረው ግን ኮዬ ፈጬ፣ በብሎካችን ደረጃ ላይ ጀሪካን ይዘን ውኃ ስንጠብቅ የተጠየቅሁት ነው። ጠያቂው ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት የውኃ መስመር ሲዘረጉና ሲጠግኑ ነው። የዚያን ዕለት ፈረቃው የእኛ ነበር፤ ይሁን እንጂ ውኃው ምድር ላይ ያሉትን ቤቶች አዳርሶ ወደ ላይ ለመውጣት ጉልበት አጥቷል።

«ልጄ፣ መብራትሽ እስከ ሌሊት አይጠፋም። ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው?» አሉኝ። ሜላኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር እንደሆነ ነገርኳቸው። ዕጢው ለማደግ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ እንደሚስብ፣ ሐኪሞችም እነዚያን ሥሮች በመድኃኒት ዘግተው ሊያስርቡት ለብዙ ዓመታት እንደሞከሩ፣ እኔም የሥሮቹ አበቃቀል ካንሰሩ መድኃኒት ከሚላመድበት መንገድ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደማጠና አስረዳኋቸው። ጋሼ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ። «ቆይ እስቲ» አሉ፤ «መስመሩን ከዘጋችሁት መድኃኒቱ በየት ይደርሳል?»

የደም ሥር ተመራማሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ አንዳች የሙያ ቃል፣ እንዲህ ተጠቃሎ ሲቀርብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በነጋታው ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሐል ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እስከዚያ ድረስ በጽሑፌ ውስጥ አንድ ንዑስ ክፍል ብቻ የነበረው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ የጥናቱ አከርካሪ ሆኗል።

በጥድፊያ የተሠሩ ሥሮች

ነገሩ ከ1971 ይጀምራል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን በዚያ ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላበቀለ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ሊያድግ እንደማይችል ተከራከረ። አመክንዮው ቀላል ነው። አንድ ሕዋስ በሕይወት ለመቆየት ከደም ሥር ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ባለ ርቀት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ኦክስጅን አይደርሰውም። ስለዚህ ሥሮቹን ማስቆም ከተቻለ ዕጢው ባለበት ይቀራል። ብዙ የዘመኑ ሰዎች ሐሳቡን በጥርጣሬ ነበር የተመለከቱት።

ኦክስጅን ያጠረው ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም። የአየር እጥረትን የሚለይ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ይህን ሥርዓት የፈቱት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እጥረቱ ሲሰማው ሕዋሱ ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ይለቃል፤ ፕሮቲኑም በአቅራቢያው ያሉትን ሥሮች አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ ያዛል። ናፖሊዮኔ ፌራራ ይህን ፕሮቲን በ1989 ነጥሎ አወጣው፤ እሱን የሚያስረው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ2004 በአሜሪካ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከፌራራ ቀደም ብሎ የተገኘው ነገር ነው። በ1983 ዶናልድ ሴንገርና ሃሮልድ ድቮራክ ከዕጢ የሚወጣ፣ የደም ሥርን የሚያስፈስስ ነገር እንዳለ ዘግበው ነበር። በኋላ ሲጣራ ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ፤ ሥር የሚያበቅለውም ሥሩን የሚያስፈስሰውም ያው ፕሮቲን ነው። ጤነኛ የደም ሥር ከውጭ በኩል ፔሪሳይት በሚባሉ ሕዋሳት ተደግፎ ይቆማል። በዕጢ ውስጥ የሚበቅለው ግን ይህን ድጋፍ ሳያገኝ በችኮላ ይዘረጋል፤ ይጣመማል፣ በማይገባው ቦታ ይሰፋል፣ አንዳንዱም የትም ሳይደርስ ይቋረጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ግፊቱ የት ሄደ?

ወደ ደረጃው ልመለስ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ነው። ጋሼ ጥያቄያቸውን ጠይቀው ዝም አላሉም። ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎች ውኃ ሲያጡ መጀመሪያ የሚያስቡት ሞተር መግዛት እንደሆነ ነገሩኝ። «የሚያፈስ መስመር ላይ ሞተር ብትጨምሪበት የሚጨምረው ፍሳሹ ነው» አሉ። «ዘግተሽ ብትሄጂ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደርቃል። መጠገን ነው እንጂ። ስትጠግኚው ግፊቱ ራሱ ይመለሳል፤ የመጨረሻውም ቤት ይደርሰዋል።»

ቤቴ ገብቼ የራኬሽ ጄይንን ጽሑፎች አወጣሁ። ጄይን በሙያው የኬሚካል መሐንዲስ ነው፤ ወደ ካንሰር የመጣው ፈሳሽ እንዴት እንደሚፈስ ከማጥናት ተነሥቶ ነው። ያሳየውም ይህንኑ ነው። ሥሮቹ ሲያፈስሱ ፈሳሹ በዕጢው ሕዋሳት መካከል ይጠራቀማል። ከሥሩ ውጭ ያለው ግፊት ከውስጡ ጋር ሲቀራረብ መድኃኒቱን ከደም ወደ ዕጢው የሚገፋው ኃይል ይጠፋል። ታካሚው መድኃኒቱን በሙሉ መጠን ወስዷል፤ በደሙም ውስጥ አለ፤ ወደ ዕጢው መሐል ግን አልገባም። መጠኑን ቢጨምሩለት ጤነኛው አካል ይጎዳል እንጂ የዕጢው እምብርት ብዙ አያገኝም። ኦክስጅንም በዚያው ልክ ስለሚያጥር የጨረር ሕክምና ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጨረር ሕዋስን በደንብ የሚገድለው ኦክስጅን ባለበት ነውና።

ጄይን በ2001 ያቀረበው ሐሳብ የፎክማንን ሐሳብ አቅጣጫ ያስቀየረ ነበር። ቪኢጂኤፍን የሚከለክሉት መድኃኒቶች በልኩ ከተሰጡ ሥሮቹን ሁሉ ከማጥፋት ይልቅ ያስተካክሏቸዋል፤ ትርፍ ቅርንጫፎች ይወድቃሉ፣ የቀሩት በፔሪሳይት ይሸፈናሉ፣ ፍሳሹ ይቀንሳል፣ ኦክስጅንና መድኃኒት ጠልቀው ይገባሉ። ሁለት ችግሮች ግን አሉት። አንደኛው፣ ጊዜው አጭር ነው፤ ሥሮቹ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ከተስተካከሉ በኋላ ወይ እየጠፉ ይሄዳሉ፣ ወይ ወደ ቀድሞ ብልሽታቸው ይመለሳሉ። ሁለተኛው፣ መጠኑ ከበዛ ጋሼ እንዳሉት የኋላው ሁሉ ይደርቃል፤ በኦክስጅን ረሃብ የተያዘ ዕጢ ደግሞ ይበልጥ ወደ ሌላ አካል የመዛመት ጠባይ ያወጣል።

በእኔ ግምት ለአሥርተ ዓመታት የተሠራበት «ማስራብ» የሚለው አስተሳሰብ በሜላኖማ ላይ ያልሠራው ለዚህ ነው። በብሪታንያ 1,343 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ነበር፤ ሜላኖማቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው የመመለስ አደጋው ግን ከፍተኛ ለሆነ ሰዎች ቤቫሲዙማብ ለአንድ ዓመት ተሰጠ። በሽታው የሚመለስበት ጊዜ በመጠኑ ዘገየ፤ የሰዎቹ ዕድሜ ግን አልረዘመም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የደም ሥርን ጉዳይ ጨርሶ ዘጉት። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ጥናቱ የለካው ሥሮቹ በተጠገኑበት ጠባብ ጊዜ ውስጥ ሌላ መድኃኒት ቢገባ ምን ይፈጠር እንደነበር አይደለም።

መድኃኒት የሚላመደው ማን ነው?

መድኃኒት ስለተላመደ ቲቢ የሰማ አንባቢ መላመድ የጀርሙ ወይም የሕዋሱ ጠባይ እንደሆነ ያውቃል። በሜላኖማም አንዱ ወገን ይኸው ነው። በ2002 ከሜላኖማ ታካሚዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ቢራፍ የተባለው ጂን ተለውጦ እንደሚገኝ ታወቀ። በ2011 ይህን ለውጥ የሚያጠቃው ቬሙራፌኒብ ተፈቀደ፤ በሳምንታት ውስጥ ዕጢዎች ሲከስሙ ማየት ለሐኪሞቹም አዲስ ነገር ነበር። ደስታው ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ከስድስትና ሰባት ወር አላለፈም። ካንሰሩ በሌላ ጂን በኩል መተላለፊያ አገኘ። ሁለት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ጊዜውን አራዘመው፤ አላስቀረውም።

የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃቁት መድኃኒቶች ሌላ ምዕራፍ ከፈቱ። ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ተፈቀዱ፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ለዚህ መሠረት በመጣላቸው ነው። የአንዳንዱ ሰው ሜላኖማ በእነዚህ መድኃኒቶች ለዓመታት ይጠፋል። የሌላው ደግሞ ከመጀመሪያውም ንቅንቅ አይልም። ለምን?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ግን ከጋሼ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ነው። ከመከላከያ ሕዋሳት አንዱ የሆነው ቲ ሕዋስ ዕጢውን ለማጥቃት በደም ተጉዞ መምጣት፣ በሥሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ መቆም፣ ከዚያም ግድግዳውን አልፎ መግባት አለበት። ቪኢጂኤፍ የበዛበት ሥር ቲ ሕዋሱ የሚይዝባቸውን ሞለኪውሎች ከግድግዳው ላይ ይቀንሳል። ሕዋሱ ሳይቆም ያልፋል። በአንዳንድ ዕጢዎች ደግሞ የሥሩ ግድግዳ ራሱ የደረሱትን ቲ ሕዋሳት የሚገድል ምልክት ያወጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ቲ ሕዋሱም ነቅቷል፤ የካንሰሩ ሕዋስም የተለየ የጂን ለውጥ ላያመጣ ይችላል። እንቢ ያለው መንገዱ ነው።

ሜላኖማ ከዚህም የባሰ ነገር ያውቃል። በ1999 አንድሩ ማኒዮቲስ፣ ሜሪ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው አደገኛ የሜላኖማ ሕዋሳት ራሳቸው ተደርድረው ፈሳሽ የሚተላለፍበት ቦይ እንደሚሠሩ ዘገቡ። በዚያ ቦይ ግድግዳ ላይ የደም ሥር ሕዋስ የለም፤ ካንሰሩ ራሱ ነው። ቪኢጂኤፍን መከልከል ለእንዲህ ያለው ቦይ ብዙም ትርጉም የለውም። በሳንባና በጉበት ደግሞ ዕጢው አዲስ ሥር ከማብቀል ይልቅ በነባሮቹ ጤነኛ ሥሮች ዙሪያ ሊያድግ ይችላል። አንዱን በር ሲዘጉበት ሁለት ሌሎች በሮች አሉት።

ከውስጥ እግር የመጣው ናሙና

እስካሁን የጠቀስኳቸው ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ቆዳቸው ነጭ በሆነ ሰዎች ላይ ነው፤ የእነሱ ሜላኖማም በብዛት ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ዘንድ ሜላኖማ በአመዛኙ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ በውስጥ እግር፣ በተረከዝ፣ ከጥፍር ሥር። ብዙ አንባቢ ሳያውቀው የዚህን በሽታ ታሪክ ሰምቷል፤ ቦብ ማርሌይ በ1977 በእግር ጣቱ ላይ የተገኘበት ይህ ነበር፤ በ1981 ያረፈውም በዚሁ ነው፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። በውስጥ እግር በሚወጣው ሜላኖማ የቢራፍ ለውጥ የሚገኘው በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ስለዚህ የቬሙራፌኒብ ተአምር ለአብዛኞቹ ታካሚዎቻችን አይሆንም። የመከላከያ ሕዋሳትን ለሚያነቃቁት መድኃኒቶችም የሚሰጠው ምላሽ ደከም ያለ ነው። እንግዲያው የደም ሥሮቹስ?

ይህን ለማየት ፓራፊን በሚባል ሰም ውስጥ የተቀመጡ የቆዩ ናሙናዎችን በስሱ እየቆረጥን ቀለም እናለብሳለን። እዚህ ላይ የሜላኖማ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አስቸጋሪ ነገር አለ። የደም ሥርን ለማሳየት የተለመደው ማቅለሚያ ቡናማ ነው፤ ሜላኖማው ደግሞ ለቆዳ ቀለሙን በሚሰጠው በሜላኒን የተሞላ፣ ራሱም ቡናማና ጥቁር ነው። በጥቁር ሰው ውስጥ እግር ላይ በወጣ ዕጢ ላይ የቱ ሥር፣ የቱ ሜላኒን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ቀይ ማቅለሚያ እንጠቀማለን፤ ወይም ሜላኒኑን አስቀድመን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እናነጣለን። ማንጣቱ ከጠነከረ ደግሞ ሕብረ ሕዋሱ ከመስተዋቱ ላይ ይነሣል። ናሙናው የአንድ ሰው ብቸኛ ቅሪት በሆነበት ጊዜ እጄ ይከብደኛል።

ከጋሼ ጋር ከተነጋገርን በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር የማየው ነገር ተለወጠ። ከዚያ በፊት ሥር እቆጥር ነበር፤ በአንድ እይታ ውስጥ ስንት እንዳለ መቁጠር በመስኩ የተለመደ መለኪያ ነው። አሁን ግን ስንት እንደሆኑ ሳይሆን ስንቶቹ እንደሚሠሩ መጠየቅ ጀመርኩ። በአንድ ከተረከዝ የተወሰደ ዕጢ ላይ ቀዮቹ ሥሮች በጠርዙ ዙሪያ ተጨናንቀው ይታዩ ነበር። ቁጥራቸው ከፍተኛ ነው። ፔሪሳይትን በሚያሳየው ማቅለሚያ ሳያቸው ግን አብዛኞቹ ራቁታቸውን ነበሩ። ቲ ሕዋሳቱም እዚያው ጠርዝ ላይ ቆመዋል፤ ወደ መሐል የዘለቀ እምብዛም የለም። በቁጥር ብቻ ብመዘግበው ኖሮ ይህ ዕጢ «በደም የበለጸገ» ተብሎ ያልፍ ነበር። ከአንድ ናሙና ድምዳሜ አላወጣም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የማልመው ይህንኑ ነው።

በ2023 ከቻይና የወጣ ጥናት ተስፋዬን አጠንክሮታል። በውስጥ እግርና በእጅ መዳፍ የሚወጣው ሜላኖማ በተዛመተባቸው 50 ሰዎች ላይ የቪኢጂኤፍን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት፣ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃቃ መድኃኒትና ኬሞቴራፒ በአንድነት ተሰጡ፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ዕጢው ጉልህ በሆነ መጠን ቀነሰ። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በዚያው ዓመት ሌንቫቲኒብን፣ ይህም የቪኢጂኤፍን ተቀባይ የሚዘጋ ሌላ መድኃኒት ነው፣ ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ያጣመረ ትልቅ የሜላኖማ ጥናት ዕድሜ ባለማራዘሙ ተቋርጧል። ሁለቱ ይጋጫሉ የሚሉ አሉ። ለእኔ አይጋጩም፤ የተለያየ በሽታ በአንድ ስም እየጠራን ስለሆነ ነው። የሌላ ሀገር ሰው ጀርባ ላይ ያልሠራ ጥምረት በእኛ ሰው ተረከዝ ላይ አይሠራም ብሎ መደምደም ጥናት ሳይሆን ግምት ነው።

ከብሎኮቹ ማዶ

ሰፈራችን የከተማው ዳርቻ ነው። ከመጨረሻዎቹ ብሎኮች ማዶ አሁንም ጤፍ የሚዘራበት መሬት አለ። በዚያ በኩል ለሚኖር ገበሬ ውስጥ እግሩ ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ እሾህ የወጋው ቦታ ነው፤ ወይም ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ማርያም የሳመችው ምልክት ነው። ሕመም የለውም፤ ስለዚህ ይረሳል። ሲቆስል ይታሰራል። አንዳንዱ የባህል ሐኪም ጋ ሄዶ ያስተኩሰዋል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ብሽሽቱ ላይ ያለው ንፍፊት አብጧል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አልደበቁትም፤ በሽታ መሆኑን የነገራቸው የለም።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎው በ1970 እንዳሳየው የሜላኖማ ታካሚን ዕድል ከሁሉ በላይ የሚወስነው የዕጢው ውፍረት ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር በታች እያለ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ብቻውን ያድናል። ያ ውፍረት ፎክማን ዕጢ አዲስ ደም ሥር ሳያበቅል ሊደርስበት ይችላል ካለው መጠን ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እባካችሁ የእናንተንም የወላጆቻችሁንም ውስጥ እግር እዩ። እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ነጥብ፣ ከጥፍር ሥር ተነሥቶ ወደ ቆዳው የሚፈስ ጥቁር መስመር፣ ወይም በተለመደው ጊዜ ያልዳነ ቁስል ካለ የቆዳ ሐኪም ይየው።

«መድኃኒቶቹ እዚህ ሳይገቡ መላመዳቸውን ማጥናት ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ሰው አለ። ዋጋቸው ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የማይቀመስ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቫሲዙማብ ከ2017 ጀምሮ ረከስ ያሉ ተመሳሳዮች ተፈቅደውለታል፤ ሌሎቹም የባለቤትነት መብታቸው ሲያበቃ ይከተላሉ። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። መድኃኒቶቹ በመጡ ቀን ለማን፣ በምን መጠንና በየትኛው ሳምንት እንደሚሰጡ የሚወስን መረጃ ከእኛው ናሙና ካልወጣ ከየት ይወጣል?

አሁን በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ሦስት ነገር እመዘግባለሁ፤ በፔሪሳይት የተሸፈነው ሥር ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ፣ ካንሰሩ ራሱ የሠራው ቦይ መኖር አለመኖሩን፣ እያንዳንዱ ቲ ሕዋስ ከቅርቡ ሥር ያለውን ርቀት። የተሸፈኑ ሥሮች በበዙበት ቲ ሕዋሳት ጠልቀው የሚገኙ ከሆነ፣ ሥሮቹን አስተካክሎ የመከላከያ ሕዋሳትን ማነቃቃት ለእነዚያ ታካሚዎች ሊሞከር ይገባዋል። ቦዩን የሠራው ካንሰሩ ራሱ በሆነበት ግን ቤቫሲዙማብ መስጠት ገንዘብም ጊዜም ማባከን ሊሆን ይችላል፤ ለእነሱ ሌላ መንገድ መፈለግ አለብን።